በኢሳን ባላገር ስለሚቀመጡ የውጭ አገር ጡረተኞች

በሰሜን ምሥራቅ ታይላንድ፥ ኢሳን በሚባለው አገር፥ በጥንቱ ልማድ ሙሽራው ወደ ሚስቱ ወላጆች ቤት ይገባል፤ ቤቱንም አብዛኛውን ጊዜ የምትወርሰው ታናሺቱ ሴት ልጅ ናት። ጡረታ ወጥቶ የመንደሩን ሴት ያገባ የውጭ አገር ሰውም የሚገባው በዚሁ ሥርዓት ነው። ስሙም «ፋራንግ» ነው፤ ቃሉ ከእኛው «ፈረንጅ» ጋር አንድ ሥር አለው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1954 የወጣው የመሬት ሕግ ባዕድ የመሬት ባለቤት እንዳይሆን በብርቱ ስለሚገድብ፥ ቤቱን በገዛ ገንዘቡ ቢሠራም ምድሩ የሚስቱ ነው። ስለዚህ አስተዋዩ ጡረተኛ ወይ እስከ 30 ዓመት በኪራይ ይዋዋላል፥ ወይም ዕድሜውን ሙሉ በመሬቱ የመጠቀም መብት በመዝገብ ያስጽፋል። ይህን ሳያደርግ ሚስቱ የሞተችበት ሽማግሌ ግን፥ በሠራው ቤት መቆየቱ ብዙውን ጊዜ በዘመዶቿ በጎ ፈቃድ ይሆናል።