ቤት ከመግዛት አስቀድሞ ስለሚደረግ የፍሳሽ ቱቦ ምርመራ

ቤት ለመግዛት የተነሣ ሰው ጣራውን ሽቅብ አይቶ፥ ግድግዳውን አንኳኵቶ፥ የወጥ ቤቱን ቁም ሣጥን ከፍቶና ዘግቶ፥ የጓሮውንም ስፋት በርምጃ ለክቶ ሲያበቃ ሁሉን የመረመረ ይመስለዋል፤ የመጸዳጃውን፥ የመታጠቢያውንና የወጥ ቤቱን ፍሳሽ ተቀብሎ ወደ ከተማው ዋና መስመር የሚያደርሰውን ቱቦ ግን፥ ከቆመበት ሣር በታች ተቀብሮ የሚገኝ ነውና፥ ሳያየው ይፈርማል። በአሜሪካ አገር ይህ ቱቦ አብዛኛውን ጊዜ እስከ ግቢው ወሰን፥ በብዙ ከተሞችም እስከ ዋናው መስመር ድረስ በባለቤቱ ኀላፊነት ሥር ስለ ሆነ፥ ቤቱን የገዛ ሰው የቱቦውንም ደዌ አብሮ ይወርሳል። የተለመደው የቤት ምርመራ ደግሞ የተቀበረውን ቱቦ ውስጡን አይመለከትም፤ ይህ ተለይቶ ተጠይቆ፥ ተለይቶም ተከፍሎበት የሚፈጸም ሥራ ነው።

የቱቦው ጠባይ በቤቱ ዕድሜ ይገመታል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተሠሩት ቤቶች አብዛኛውን ጊዜ የሸክላ ወይም የብረት ቱቦ አላቸው። ሸክላው ራሱ ዘመናትን የሚሻገር ሲሆን ድካሙ በአጫጭር ክፍሎቹ መጋጠሚያ ላይ ነው፤ ውሃ የጠማው የዛፍ ሥር በጠባብ ስንጥቅ ሾልኮ ይገባና በውስጡ ይባዛል፤ ብረቱም ከውስጥ እየዛገ ይጠባል፥ ፍሳሹ የሚተኛበት ታችኛው ወገኑም ይበላል። ከጦርነቱ በኋላ ቤት በብዛት በሚሠራበት ዘመን ደግሞ፥ የእንጨት ቃጫ በቅጥራን ተነክሮ የተጨመቀበት፥ ይሠራባት በነበረችው በኒው ዮርክ ግዛት መንደር ስም ኦሬንጅበርግ የተባለው ቱቦ፥ በአውሮጳውያን አቈጣጠር እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ ድረስ በየግቢው ተቀበረ። ርካሽና ቀላል መሆኑ አስወድዶት ነበር፤ ነገር ግን ዓመታት ሲያልፉ እርጥበቱ እያለሰለሰው፥ የአፈሩም ክብደት እየተጫነው፥ ክብነቱን አጥቶ ስለሚጨፈለቅ መፍትሔው ጥገና ሳይሆን ለውጥ ነው። ከዚያ ወዲህ የተተካው ፒቪሲ ለሥርና ለዝገት የማይመች ቢሆንም፥ ከሥሩ ያለው አፈር በሚገባ ካልተጠቀጠቀ መሐሉ ይሰረጕዳል።

መርማሪው «ክሊን አውት» የሚባለውን የቱቦውን አፍ ከፍቶ፥ እርሱም ከሌለ የመጸዳጃውን መቀመጫ ነቅሎ፥ በጫፉ መብራትና ካሜራ ያለበትን ተጣጣፊ ዘንግ እየገፋ ይልካል፤ የቱቦውም ሆድ በስክሪኑ ላይ ይታያል፥ የተኬደውም ርቀት በስክሪኑ ጥግ ይቈጠራል። የዛፍ ሥር በመጋጠሚያው ዙሪያ እንደ በቆሎ ጢም ተንጠልጥሎ ይገኛል። ካሜራው በውሃ ተውጦ ጥቂት ከሄደ በኋላ ብቅ ካለ፥ ቱቦው በዚያ ስፍራ ሰርጕዶ ፍሳሽ እንደሚያቍር ምስክር ነው። ጉድለት በተገኘም ጊዜ ከካሜራው የሚወጣውን የሬዲዮ ምልክት በላይ በያዘው መሣሪያ የሚከተል ሰው ቦታውን በሣሩ ላይ በቀለም ያመለክታል፥ ጥልቀቱንም ይናገራል፤ ጥገናው በግቢው ውስጥ ወይስ በአስፋልቱ ሥር መሆኑ፥ ዋጋውም በዚያው መጠን መለያየቱ የሚታወቀው በዚህ ነው።

ይሁን እንጂ ካሜራ የሚያሳየው የዕለቱን ብቻ ነው። ከሽያጩ በፊት ቱቦው ተጠርጎ እንደ ሆነ ሥሩ ለጊዜው ይጠፋል፥ ከወራት በኋላም ተመልሶ ይበቅላል። ካሜራው ዋናው መስመር ሳይደርስ ከተመለሰም፥ ያልታየው ክፍል እንዳልተመረመረ ይቈጠራል።

ነገሩን ለገዢው ፈቃድ ብቻ ያልተዉ ስፍራዎችም አሉ። ብዙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን በሚኖሩባት በኦክላንድና በአካባቢዋ፥ የኢስት ቤይ የውሃ መሥሪያ ቤት በአውሮጳውያን አቈጣጠር ከ2011 ጀምሮ በየከተማው በተራ ባስገባው ደንብ መሠረት፥ ቤት ሲሸጥ ቱቦው እንደማያፈስ በፈተና ተረጋግጦ የምስክር ወረቀት ሊያገኝ ይገባል። ምክንያቱም በዝናብ ወራት ውሃው በተሰነጠቁት ቱቦዎች እየገባ የማጣሪያ ጣቢያዎችን ስለሚያጨናንቅ፥ በቅጡ ያልተጣራ ፍሳሽ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ ይወርድ ስለ ነበር ነው። የምስክር ወረቀቱ ቱቦው ሙሉ በሙሉ ከተለወጠ ለ20 ዓመት፥ ነባሩ ቱቦ ፈተናውን ካለፈ ለ7 ዓመት ይጸናል። ሥራው ከሽያጩ በኋላ እንዲፈጸም ቀነ ገደብ መጠየቅ ስለሚቻልም፥ ግዴታው በሻጩ ወይም በገዢው ላይ መውደቁን ከውሉ ላይ አንብቦ መረዳት ያስፈልጋል።

ምርመራው በመቶ የሚቈጠር ዶላር ሲጠይቅ፥ ቱቦ መለወጥ ሺዎችን፥ መንገድ የሚያስቈፍር ከሆነም ከዐሥር ሺህ በላይ ሊጠይቅ ይችላል። ስለዚህ ገዢ የሆነ ሁሉ በውሉ የተሰጠው የመመርመሪያ ጊዜ ሳያልፍ ቱቦውን ያስመርምር፤ የተቀረጸውን ቪዲዮ ከነጽሑፉ ይቀበል፤ መርማሪውና አዲስ ቱቦ የሚቀብረው አንድ ድርጅት ከሆነ ግን፥ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ቪዲዮውን ለሌላ ባለሙያ ያሳይ።