የድሮ ካሴት እንደ ጌሻ ቡና

ሚዛን ተፈሪና ቴፒ የሚመላለስ ነጋዴ የጌሻን ቡና ታሪክ ሳይሰማ አይቀርም። ዘሩ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጫካ ወጥቶ፣ በኬንያ፣ በታንዛኒያና በኮስታሪካ አድርጎ ፓናማ ገባ። እ.ኤ.አ. በ2004 አንድ የፓናማ እርሻ በጨረታ አንዱን ፓውንድ 21 ዶላር ሸጠው። የጊዜው አዲስ ክብረ ወሰን ነበር። ዕቃው ከዚህ፣ ዋጋው ከዚያ ማለት ይኸው ነው። በሙዚቃውም መስክ ተመሳሳይ ነገር ሊደርስ ይችላል፤ አንድ ካሴት ግን የተሻለ ዕድል ገጥሞታል።

ሙዚቃ እንደ ሸቀጥ መጋዘን ገብቶ የሚጠብቅበትን ንግድ ፈረንሳዮች በሚገባ ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና በ70ዎቹ የፓሪስ አሳታሚዎች ለሱቅ ሳይሆን ለፊልም፣ ለሬዲዮ፣ ለቴሌቪዥንና ለማስታወቂያ የሚሆን ሙዚቃ አስቀድመው እያስቀዱ ያስቀምጡ ነበር። የፈለገ መርጦ ይወስዳል፣ ለተጠቀመበት ይከፍላል። የኤሌክትሮኒክስ ኪቦርድ ሲመጣ ወጪው ቀነሰ፤ ኦርኬስትራ የሚጠይቀውን ሥራ አንድ ሰው በአንድ ክፍል ውስጥ ይወጣው ጀመር። ለእንዲህ ዓይነት አሳታሚ ከሠሩት አንዱ ዣን ዣክ ፔሬ ነው። ከገርሾን ኪንግስሌይ ጋር እ.ኤ.አ. በ1967 ያወጣው «ባሮክ ሆዳውን» ከ1972 ጀምሮ የዲስኒ መዝናኛ የመብራት ትርኢት ማጀቢያ ሆኗል። በ1970 ያወጣው «ኢ.ቪ.ኤ.» ደግሞ ከሃያ ዓመት በኋላ የጋንግ ስታር የራፕ ዘፈን መነሻ ሆነ።

በእኛ በኩል የሚጠቀሰው ኃይሉ መርጊያ ነው። በአዲስ አበባ ሒልተን ይጫወት የነበረው የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከባንዱ ጋር ወደ አሜሪካ ሄዶ እዚያው ቀረ። በ1985 አኮርዲዮን፣ ሮድስ ፒያኖ፣ ሙግ ሲንተሳይዘርና የከበሮ ማሽን ይዞ የአገር ቤት ዜማዎችን ብቻውን ቀዳ። ድምፃዊም ባንድም አላስፈለገም። ካሴቱ በጊዜው ተሸጠ፤ ቆይቶም ተረሳ። ባለሥራው በዋሽንግተን ዱለስ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ ይነዳ ጀመር።

ብራያን ሺምኮዊትዝ የተባለ አሜሪካዊ ካሴቱን ባህር ዳር አገኘው። ቅጂውን አባዝቶ ዝም ብሎ አልሸጠም፤ ባለቤቱን አፈላልጎ ተዋዋለ። ኦሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ የተባለው ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2013 ሥራውን በሸክላና በሲዲ አወጣ። አሳታሚው ትርፉን ከሙዚቀኞቹ ጋር እኩል እንደሚካፈል ተናግሯል። ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሰ፤ በ2018 «ላላ በሉ» የተባለ አዲስ አልበም አወጣ።

ጥያቄው እዚህ ላይ ነው። ስንት እንዲህ ያለ ቅጂ በመርካቶና በክፍለ ሀገር ሱቆች አቧራ ለብሷል? በካሴቱ ዘመን ሙዚቀኛው አንድ ጊዜ ተከፍሎት ሲሄድ ዋናው ቴፕ ከሙዚቃ ቤቱ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነበር። ውሉ ከሌለ የማን እንደሆነ ማስረዳት ይቸግራል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲው በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት፣ ለድምፅ ቅጂ አሳታሚም ለ50 ዓመት ጥበቃ ይሰጣል። ሕጉ ግን የሚጠብቀው ባለመብትነቱን የሚያስረዳ ሰው ሲገኝ ነው። ከውጭ ገንዘብ ይዞ የመጣ ገዢ ማንን እንደሚያነጋግር ካላወቀ ወይ ይመለሳል፣ ወይ ሳይከፍል ይወስዳል።

መንግሥት የሲዳሞ፣ የሐረርና የይርጋ ጨፌ ቡናን ስም በአሜሪካ ለማስመዝገብ ያመለከተው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። የጌሻ ስም በዚያን ጊዜ ፓናማ ላይ ዋጋ አውጥቷል። በድሮ ሙዚቃ ላይ ገንዘብ ለማውጣት የሚያስብ ባለሀብት ከስቱዲዮ ዕቃ በፊት ቴፑን፣ ውሉንና ወራሹን ቢያፈላልግ ይሻለዋል። ካሴት እየቆየ ይበላሻል፤ ሰውም ያልፋል። ሁለቱ ሳሉ የተፈረመ ወረቀት ግን ለገበያ ይበቃል።