አንጮቴ፣ የወለጋ ጓሮ ሲሳይ

በመስከረም ነቀምቴ ገበያ የገባ ሰው ከድንችና ከሽንኩርት መደብ ጎን አፈሩ ያልለቀቀው፣ አንዱ ክብ አንዱ ሾጣጣ የሆነ ሥር ተከምሮ ያያል። ከሩቅ የመጣ መንገደኛ ስኳር ድንች መስሎት ያልፋል። የወለጋ ሰው ግን ጎንበስ ብሎ ያነሣዋል፤ ክብደቱን በመዳፉ ይመዝናል፤ ልጡን በጥፍሩ ጫር አድርጎ ነጭ ይሁን ቀይ ያያል፤ ከዚያ በዋጋ ይከራከራል። ይህ ሥር አንጮቴ ነው። እኔ ባደግሁበት ቤት ያለ አንጮቴ የዋለ መስቀል፣ መስቀል አይባልም ነበር።

ድንችም ስኳር ድንችም ወደ እኛ የመጡት ከአሜሪካ ምድር ነው። አንጮቴ ግን ከየትም አልመጣም፤ የዚህችው አገር ተወላጅ ነው። የዕፅዋት ሊቃውንት ኮክሲኒያ አቢሲኒካ ይሉታል፤ ወገኑም ከዱባ፣ ከቅልና ከኪያር ነው። ሐረጉ አጥር ላይ ሲወጣ ላየ ሰው ዝምድናው አይጠፋውም። ያገኘውን ሁሉ የሚጠመጥም ክር አለው፤ ፍሬው ጥሬ ሳለ አረንጓዴ ነው፣ ሲበስል ይቀላል። በህንድና በአካባቢዋ አንድ የቅርብ ዘመድ አለው፤ እዚያ የሚበላው ፍሬው ነው። አንጮቴ ግን የሚተከለው ለሥሩ ተብሎ ነው፤ የሚተከለውም እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ነው።

ከባሕር ጠለል በላይ ከ1300 እስከ 2800 ሜትር ባለው ከፍታ ይስማማዋል። ከ2000 ሜትር በላይ የተቀመጠችው ነቀምቴ መሃሉ ላይ ናት ማለት ነው። ከእርሷ ወደ ምዕራብ ዴዴሳን ተሻግረው ጊምቢ፣ ነጆ፣ መንዲ፣ ደምቢ ዶሎ ቢሄዱ፣ ወይም ወደ ሰሜን ምሥራቅ ወደ ሻምቡ ቢያቀኑ፣ አንጮቴ ያለው ጓሮ አያጡም። በጅማ፣ በኢሉባቦር፣ በከፋና በወላይታም ይታወቃል። ማዕረግ ያገኘው ግን ወለጋ ነው። እንግዳ ሲከበር፣ ሙሽራ ሲዳር፣ አራስ ስትጠየቅ የሚቀርበው እዚህ ነው።

ዋናው መሬት የወንዶቹ ነው፤ በቆሎው፣ ጤፉ፣ ኑጉ፣ ቡናው። አንጮቴ የሚያድገው የቤት ጥራጊና የከብት ፍግ በሚደፋበት፣ አፈሩ በጠቆረበት ጓሮ ስለሆነ የሴቶች ሀብት ነው። አያቴን አኮ እንላት ነበር፤ ጓሮዋን የምታውቀው እንደ ቤቷ ወለል ነበር። ዝናቡ ሲያያዝ፣ ግንቦት አካባቢ፣ መደቡን አለስልሳ ዘሩን ትበትናለች። ሥሩ ለመብል ለመድረስ ከአራት እስከ ስድስት ወር ገደማ ይፈልጋል። በዝናቡ መጀመሪያ የተዘራው ለመስቀል የሚደርሰውም በዚሁ ስሌት ነው።

ልጅ ሆኜ ግራ የገባኝ ነገር ሌላ ነበር። አኮ ከሁሉ ትልቁን አንጮቴ አትነቅለውም። በአጥሩ ጥግ፣ አንድ ዛፍ ላይ ሐረጉን ያንተራሰ አሮጌ ሥር ነበራት። ያንን መንካት ክልክል ነው። በበጋ ሐረጉ ደርቆ ሲረግፍ የሞተ ይመስላል፤ ዝናብ ሲነካው ከመሬት በታች ካለው ሥር እንደገና ያቆጠቁጣል፤ እንዲህ እያለ ብዙ ዓመት ይኖራል። ለካ የጓሮው ሁሉ እናት ያቺ ሥር ናት። ለመብል የሚነቀለው አንጮቴ ለዘር የሚሆን ፍሬ ለማብሰል ጊዜ አያገኝም፤ ዘር የሚሰበሰበው ከእንዲህ ያለችው አሮጌ ሥር ነው። አኮ የቀላውን ፍሬ ሰንጥቃ፣ ዘሩን አጥባ፣ በአመድ አሽታ ታደርቀውና ከምድጃው በላይ ጢስ በሚያገኘው ቦታ ትሰቅለዋለች። ጎረቤት ዘር አጥቶ ሲመጣ አትከለክልም፤ እርሷም ዘር ያገኘችው ከእናቷ ጓሮ ነበር።

አወጣጡ ትዕግሥት ይፈልጋል። በመቆፈሪያ የቆሰለ ሥር ቶሎ ስለሚበላሽ ዙሪያው ቀስ ተብሎ ይፈነቀላል፤ እኛ ልጆች የምንጠራው የመጨረሻውን አፈር በእጃችን እንድንጠርግ ነው። ከዚያ አንጮቴው ይታጠብና ከነልጡ ይቀቀላል። አኮም እናቴም ጥሬውን መላጥ ፈጽሞ አይፈቅዱም። ሲበስል ልጡ በጣት ተገፎ ይወጣል፤ ትኩስ በትኩስ እየላጥን ጣታችንን እናቃጥላለን። የተላጠው ሙቀጫ ውስጥ ገብቶ እስኪልም ይወቀጣል፤ ጨው ይገባበታል። በኮሰረትና በኮረሪማ የተነጠረ ቅቤ ቀልጦ ይፈስበታል፤ ከጎኑ አይብና አዋዜ ይቀርባል። ለንቀጣ የሚባለው ይህ ነው። ተከትፎ በወጥ መልክም ይሠራል፤ የሚጠብሱትም አሉ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን ከለንቀጣ የሚበልጥ የለም። ጣዕሙ ከድንች የጠነከረ፣ ከስኳር ድንች ጣፋጭነቱ ያነሰ ነው፤ ቅቤውን የሚይዝበት መንገድ ግን የብቻው ነው። በዓሉ ረቡዕ ወይም ዓርብ ሲውል የሚጾም ቤት ለዕለቱ በኑግ ዘይት አድርጎ የቅቤውን ለማግስቱ ያቆየዋል። ጴንጤውም ኦርቶዶክሱም ሙስሊሙም ባለበት ሰፈራችን አንጮቴ የማን ነው ተብሎ አያውቅም፤ ሳህኑ በአጥር በላይ ወዲህና ወዲያ ይል ነበር።

ከነልጡ ቀቅሉ የሚለው የእናቶች ትእዛዝ ብልሃት እንደነበረ ቆይቶ በቤተ ሙከራ ታይቷል። ሀብታሙ ፈቃዱና ባልደረቦቹ በ2013 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት በምዕራብ ኢትዮጵያ የበቀለ አንጮቴን ጥሬውን፣ ተልጦ የተቀቀለውንና ተቀቅሎ የተላጠውን አነጻጽረዋል። በ100 ግራም ጥሬ አንጮቴ ውስጥ 3.25 ግራም ፕሮቲን ተገኘ፤ ተልጦ ሲቀቀል ወደ 2.67 ወረደ፤ ከነልጡ ሲቀቀል ግን 3.14 ላይ ቆየ። ካልሲየሙም እንዲሁ ነው፤ ከ119.5 ሚሊ ግራም፣ አስቀድሞ የተላጠው ወደ 115.7 ሲወርድ ከነልጡ የተቀቀለው 118.2 ይዟል። መቀቀሉ ራሱ ደግሞ ሰውነት ማዕድናቱን እንዳይጠቀም የሚያግዱ እንደ ታኒንና ኦክሳሌት ያሉ ነገሮችን ይቀንሳል። አኮ ከእነዚህ ቁጥሮች አንዱንም ሳትሰማ በትክክለኛው መንገድ ትቀቅል ነበር፤ ይህን ሳስብ አክብሮቴ ይጨምራል።

ካልሲየሙን ከድንች ጋር ስናስተያየው ነገሩ ይበልጥ ይገርማል። በ100 ግራም ድንች ውስጥ የሚገኘው ካልሲየም 12 ሚሊ ግራም አካባቢ ነው፤ አንጮቴ አሥር እጥፍ ገደማ ይበልጠዋል። በወለጋ አጥንቱ የተሰበረ ሰው ሲጠየቅ አንጮቴ ይዞ መሄድ ወግ ነው፤ ለአራስና ለምታጠባ እናት፣ በዕድገት ላይ ላለ ልጅም ይሰጣል። የተሰበረውን የሚያቃናው ሐኪም ወይም ወጌሻ ነው፤ አንጮቴ በራሱ ስብራት ይጠግናል ብዬ አልምልም። አጥንቱ እየገጠመ ላለ ሰው በካልሲየም የበለጸገ ምግብ መውሰድ ግን መሠረት ያለው ልማድ ነው። ወንድሜ ከዛፍ ወድቆ ክንዱን በሰበረ ጊዜ ከየቤቱ የመጣው አንጮቴ ማድጋ ሞልቶ ነበር። ልጅ ሆነን የቀናንበት ብቸኛ ስብራት እርሱ ነው።

ሌላም ጥቅም አለው። ጎተራ ሲራቆትና እህል ሲወደድ፣ ከመሬት ያልወጣ ሥር ያለው ቤት አያፍርም። አንጮቴ አፈር ውስጥ ሳለ ሳይበላሽ ስለሚቆይ ለዕለቱ የሚበቃው እየተነቀለ ሌላው ባለበት ይተዋል። ምርቱም የሚናቅ አይደለም፤ በሄክታር ከ150 እስከ 180 ኩንታል እንደሚሰጥ ተጽፏል። ዶክተር አማረ ጌታሁን ደግሞ ገና በ1973 እ.ኤ.አ. ሥሩ እንዴት እንደሚያድግ አጥንተው ለደረቅ አካባቢ ተስፋ የሚጣልበት ሰብል መሆኑን ጽፈው ነበር። ይህ ከተጻፈ ሃምሳ ዓመት አልፏል። አንጮቴ ግን ዛሬም ከጓሮ እምብዛም አልወጣም፤ አዲስ አበባ ምግብ ቤት ገብቶ ማዘዝም ቀላል አይደለም። ጤፍና ቡና ባገኙት ትኩረት መጠን ቀርቶ በጥቂቱም ቢሆን ሊታይ ይገባው ነበር።

የሚያሳስበኝ ጓሮው ነው። ከተሞቻችን ሲሰፉ የመጀመሪያው ተቆራሽ እርሱ ነው፤ ተጨማሪ ክፍል ይሠራበታል፣ ባሕር ዛፍ ይተከልበታል። ባለፉት ዓመታት በወለጋ በነበረው ግጭት ደግሞ ብዙ ቤተሰብ ከቀዬው ተፈናቅሏል። ቤት ጥሎ የሚሸሽ ሰው ከምድጃ በላይ የሰቀለውን ዘር አያስታውስም። የሚያጽናናው፣ አሮጊቷ እናት ሥር ከመሬት በታች ስለሆነች ባለቤቱ ባይኖርም ዝናብ ሲመጣ ማቆጥቆጧ ነው። የተመለሰ ሰው አጥሩን ሲጠግን መጀመሪያ ሊፈልጋት የሚገባው እርሷን ነው።

ወለጋ ጓሮ ያላችሁ፣ ያቺን አሮጌ ሥር አትንቀሏት፤ ፍሬዋ ሲቀላ ዘሩን ሰብስቡ፣ ለጎረቤትም አካፍሉ። እናታችሁ ወይም አያታችሁ በሕይወት ካሉ አሁኑኑ አጠገባቸው ተቀምጣችሁ አዘራሩንና አወጣጡን ጠይቁ፤ ይህ እውቀት ያለው በእነርሱ እጅ ነው። አንጮቴን በስም እንኳ ሰምታችሁ የማታውቁ ደግሞ በመስከረምና በጥቅምት ነቀምቴ ካለፋችሁ ገበያውን ጎብኙ፤ ያልቆሰለውን መርጣችሁ ግዙ፤ ከነልጡ ቀቅሉት፤ ቅቤ አትሰስቱበት።