በእርግዝና ወቅት የአንጎል ዕጢ፦ ሕመሙን ከእርግዝናው ለይቶ ማወቅ

በሰሜን ጎንደር ደጋማ ወረዳዎች ነፍሰ ጡር ሴት ራሷን ሲያማትና ሲያስመልሳት ቤተሰቡ «የእርግዝና ነው፤ ያልፋል» ማለቱ የተለመደ ነው። አባባሉ አብዛኛውን ጊዜ ትክክል ነው። አልፎ አልፎ ግን ከሕመሙ በስተጀርባ የአንጎል ዕጢ ሊኖር ይችላል። ችግሩ በነፍሰ ጡሮች ላይ እምብዛም የማይታይ ቢሆንም ምልክቶቹ ከእርግዝና ስሜቶች ጋር ስለሚመሳሰሉ ሳይታወቅ ይቆያል፤ መዘግየቱም እናቲቱንና ፅንሱን ለአደጋ ያጋልጣል።

እርግዝናና ዕጢው

እርግዝና በራሱ የአንጎል ዕጢ መንስኤ ተደርጎ አይቆጠርም፤ ነባሩን ዕጢ ግን ሊያባብሰው ይችላል። በእርግዝና ወቅት ሰውነት ብዙ ፈሳሽ ስለሚይዝ በዕጢው ዙሪያ ያለው እብጠት ሊጨምር ይችላል። ከአንጎል ሽፋን የሚነሳው ማኒንጂዮማ አብዛኛውን ጊዜ የፕሮጄስትሮን ሆርሞን ተቀባይ ስላለው በተለይ በመጨረሻዎቹ ወራት ሊያድግ ይችላል። ፕሮላክቲኖማ የተባለው ዕጢም አድጎ የዓይን ነርቭን ሊጫን ይችላል።

አጠራጣሪ ምልክቶች

የእርግዝና ማቅለሽለሽ በአብዛኛው ከአራተኛው ወር በኋላ ይቀንሳል። ከዚያ በኋላ የሚጀምር ትውከት፣ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ወይም ሲነጋ የሚብስ ራስ ምታት፣ የእይታ መደብዘዝ፣ በአንድ ጎን የሚታይ ድካምና የጠባይ መለወጥ ምርመራ ያስፈልጋቸዋል።

ነፍሰ ጡሯ ከተንቀጠቀጠችና ራሷን ከሳተች በቅድሚያ ሊታሰብ የሚገባው ኤክላምፕሲያ ነው። ስለሆነም የደም ግፊቷ ወዲያውኑ ይለካል፤ ኤክላምፕሲያ ከተጠረጠረም ማግኒዥየም ሰልፌት መስጠት አይዘገይም። ነገር ግን መንቀጥቀጡ ከ20ኛው ሳምንት በፊት ከተከሰተ፣ የደም ግፊቱ ከ140/90 በታች ከሆነ ወይም ከነቃች በኋላ የአንድ ጎን ድካም ከቀረ ሌላ መንስኤ መፈለግ ግድ ነው። ዕጢ፣ የአንጎል ደም ሥር መዘጋት፣ የሳንባ ነቀርሳ ተሕዋስ በአንጎል ላይ የሚያደርሰው ጉዳት፣ ከቆላ ለመጣችም ወባ ከእነዚህ መካከል ናቸው።

ምርመራና ሕክምና

ከደባርቅ እስከ ጎንደር ከተማ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከጎንደር እስከ አዲስ አበባ ደግሞ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል። ስለዚህ የጤና ጣቢያው ውሳኔ ከፍተኛ ዋጋ አለው። እርግዝና ምርመራን የሚከለክል ምክንያት አይደለም። በራስ ቅል ሲቲ ስካን ለፅንሱ የሚደርሰው ጨረር እጅግ ጥቂት ነው፤ ኤምአርአይ ደግሞ ኤክስሬይ አይጠቀምም። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2006 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው የአንጎልና የነርቭ ቀዶ ሐኪሞች ሥልጠና ለእነዚህ እናቶችም ተስፋን አስፍቷል።

የእናቲቱ ሁኔታ የተረጋጋ ከሆነ ቀዶ ሕክምናው እስከ ሁለተኛው የእርግዝና ሦስት ወር ወይም እስከ ወሊድ በኋላ ሊቆይ ይችላል፤ ሕይወቷን የሚያሰጋ ከሆነ ግን አይዘገይም። ዕጢ ስላለ ብቻ በቀዶ ጥገና መውለድ ግዴታ አይደለም። ሆኖም በራስ ቅል ውስጥ ያለው ግፊት ከፍ ካለ በአከርካሪ በኩል የሚሰጥ ማደንዘዣ አደገኛ ሊሆን ስለሚችል ጥርጣሬው በሪፈር ወረቀቱ ላይ በግልጽ መጻፍ አለበት።

የሚጥል ሕመም ያለባትን ሴት ወደ ጠበል መውሰድ በአካባቢው የቆየ ልማድ ነው። ጠበሉና መድኃኒቱ አብረው ሊሄዱ ይችላሉ፤ አደጋው መድኃኒቱን በድንገት ማቋረጥ ነው። ቫልፕሮይክ አሲድ በፅንሱ አከርካሪና አንጎል ላይ ጉዳት ሊያደርስ ስለሚችል ለማርገዝ የምታስብ ሴት ቀድማ ሐኪሟን ማማከርና ፎሊክ አሲድ መጀመር ይገባታል።

ከወሊድ በኋላ

ፌኒቶይን፣ ካርባማዜፒንና ፌኖባርቢታል የእንክብልና በክንድ የሚቀበር የወሊድ መከላከያን ኃይል ይቀንሳሉ። የአውሮፓ የመድኃኒት ኤጀንሲ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2024 ማኒንጂዮማ ያለባቸው ወይም የነበረባቸው ሴቶች የሦስት ወሩን መርፌ እንዳይጠቀሙ መክሯል። ለእነዚህ እናቶች ሆርሞን የሌለው ሉፕ አማራጭ ይሆናል።

እንግዲህ በደጋው ጤና ጣቢያ የእናቲቱን ሕይወት የሚያተርፈው የመጀመሪያ እርምጃ ውድ መሣሪያ አይሻም፤ ግፊቷን መለካት፣ ቃሏን በጥሞና ማዳመጥና በጊዜ ወደ ሆስፒታል መላክ ነው።