ልጅቷ ጎዳና ከመውጣቷ በፊት

ከተራዊህ መልስ ቤተሰብ ሊነጋገርባቸው የሚገቡ ሁለት የአፍሪካ ልቦለዶችን እናስተዋውቃችሁ። ስለ ጎዳና ልጃገረዶች ይተርካሉ። መቼታቸው አክራና ናይሮቢ ቢሆንም ለዲክሲስ ሰው ባዕድ አይደሉም።

ጋናዊቷ ደራሲ አማ ዳርኮ እ.ኤ.አ. በ2003 ያሳተመችው «ፌስለስ» (ፊት አልባ) የ14 ዓመቷን የፎፎን ታሪክ ይነግረናል። ፎፎ አዳሯ በአክራ የአግቦግብሎሺ ገበያ ነው። አንድ ቀን እንደ ወንድ ለብሳ የአንዲት ሴት ቦርሳ ልትነጥቅ ስትል ትያዛለች። ሴትየዋ ግን ታሪኳን ትሰማለች። የፎፎ ታላቅ እህት ቤቢ ቲ ገበያው ውስጥ ሞታ ተገኝታለች። እንዴት ሞተች? የሚለው ጥያቄ ወደ ኋላ ሄዶ እናትየው ቤት ያደርሰናል። እናት በችግር ልጇን ለሌላ ሴት አሳልፋ ሰጥታለች፤ ልጅቷ ያመጣችውንም ገንዘብ ተቀብላለች።

ናይጄሪያዊው ኡዌም አክፓን እ.ኤ.አ. በ2008 ያሳተመው የአጭር ልቦለድ መድበል መክፈቻ ታሪክ ደግሞ የናይሮቢ ጎዳና ላይ ስለሚኖር ቤተሰብ ነው። የገና በዓል ደርሷል፤ ምግብ የለም። ልጆቹ ረሀባቸውን በማስቲሽ ያስታግሳሉ። የ12 ዓመቷ ማይሻ ወንድሟ እንዲማር ስትል ለመናገር በሚከብድ ሥራ ትሰማራለች። ስሟ በስዋሂሊ «ሕይወት» ማለት ነው።

የሁለቱም ልጆች መንገድ የተጀመረው እህል ከጎደለበት ቤት ነው።

ከዲክሲስና ከአካባቢው ገጠርም ልጃገረዶች ለቤት ሠራተኝነት ወደ አሰላ፣ አዳማና አዲስ አበባ ይሄዳሉ። የሚወስዳቸው ዘመድ ወይም ደላላ ነው። አሠሪ ያባረራት ወይም ጥቃት ሸሽታ የወጣች ልጅ፣ ዘመድ በሌላት ከተማ መጠጊያዋ መናኸሪያ ይሆናል። ስንዴና ገብስ በሚታፈስበት በአርሲ ደጋም ቢሆን መሬት የጠበበው፣ አባወራ የሞተበት ቤት አዲሱ እህል ሳይደርስ ጎተራው ይራቆታል።

ሱረቱል ማዑን የቲምን የሚገፈትረውን፣ ድሃን ለማብላት የማያነሳሳውን ይወቅሳል። ዘካተል ፊጥር ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል አንድ ሷዕ እህል፣ ከ2.5 እስከ 3 ኪሎ ገደማ፣ ከዒድ ሶላት በፊት ይሰጣል። የመስጊዱ ጀማዓ ስንዴውን ሲያከፋፍል አንድ ጥያቄ ይጨምር፦ ልጇን ወደ ከተማ ልትልክ ያሰበች እናት አለች? ካለች ከዘካው በተጨማሪ የደብተርና የዩኒፎርም መግዣ ከሰደቃ ይዋጣላት። ለአንድ ቤት የሚከብደው ለጀማዓ ቀላል ነው።

ከተማ ያለን ደግሞ ኩሽናችንን እንይ። ሳምቡሳ የምትጠብሰው ልጅም ጾመኛ ናት። አዛን ሲል አብራን ትቀመጣለች ወይስ ቆማ ታስተናግዳለች? ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አገልጋይ ከምንበላው እንዲበላ አስተምረዋል። ደመወዟ ከዒድ በፊት እጇ ይግባ፤ ከእናቷ ጋር በስልክ ትገናኝ። ባንስማማ እንኳ በሌሊት ከበር አናስወጣት፤ ከቤተሰቧ እጅ እናድርሳት።