ከአሶሳ ግቢ የሚታየው ሰማይ፦ በአነስተኛ መሣሪያ የሚሠራ የሥነ ፈለክ ምልከታና ፎቶግራፍ ዳሰሳ

ብዙ ሰው ከዋክብትን በትርፍ ጊዜ መከታተል ውድ ቴሌስኮፕ መግዛት ለሚችል ብቻ የተተወ ሥራ ይመስለዋል። በአሶሳና በቤንሻንጉል ጉሙዝ ክልል ግን የሥራውን ግማሽ ቦታው ራሱ ሠርቶታል። አሶሳ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 10 ዲግሪ ላይ፣ ከባሕር ወለል ከ1,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከከተማዋ መብራት ወጣ ሲሉ ሰማዩ ይጨልማል። እዚህ ለጀማሪ ከመሣሪያ የሚቀድመው ወቅቱን ማወቅ ነው።

ሰሜኑም ደቡቡም የሚታይበት ቦታ

የሰሜን ኮከብ ከአድማስ በላይ የሚቆመው ተመልካቹ ባለበት ኬክሮስ ልክ ነው። በአሶሳ ይህ 10 ዲግሪ ገደማ ብቻ ስለሆነ ዛፍ ወይም ኮረብታ በቀላሉ ይጋርደዋል። በምላሹ ደቡቡ ይከፈታል። አውሮፓ ላለ ተመልካች የማይወጣው የደቡብ መስቀል እዚህ 20 ዲግሪ ያህል ከፍ ይላል፤ በሚያዝያ እኩለ ሌሊት ሲቃረብ በደቡብ በኩል ቀጥ ብሎ ይቆማል። ከሱ በስተምሥራቅ ከፍ ብሎ የሚገኘው ኦሜጋ ሴንታውሪ ሚሊዮኖች ከዋክብት የታጨቁበት ክምችት ሲሆን፣ በጨለማ ሰማይ ያለ መሣሪያ እንኳ ደብዘዝ ያለ ነጥብ መስሎ ይታያል።

በታኅሣሥ መጨረሻ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል አካባቢ፣ 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት የሚርቀው የአንድሮሜዳ ረጨት (ጋላክሲ) በሰሜን ምዕራብ ሰማይ ላይ ይገኛል። በዚያው ሰዓት ወደ ደቡብ የዞረ ሰው፣ አድማሱ ከተገለጠለት፣ ትልቁን የማጅላን ደመና ዝቅ ብሎ ያያል። አንዱ የሰሜን ሰማይ፣ ሌላው የደቡብ ሰማይ ዝነኛ ጋላክሲ ነው። ሁለቱን ከአንድ ግቢ፣ በአንድ ምሽት ማየት ለብዙ አገር ሰው የማይቻል ነገር ነው።

ዝናብ፣ ጭስና ጥራት

የክልሉ ዝናብ በአብዛኛው ከግንቦት እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። ችግሩ የፍኖተ ሐሊብ ማዕከል በምሽት ጎልቶ የሚታየው በእነዚሁ ወራት መሆኑ ነው። ከውጭ አገር መጽሐፍ ተምሮ ማዕከሉን በሐምሌ ማታ የሚጠብቅ የአሶሳ ጀማሪ ደመና ብቻ ያያል። መፍትሔው ሰዓቱን መቀየር ነው። በመጋቢት ከንጋቱ 11 ሰዓት ገደማ ያው ማዕከል በደቡብ በኩል ከሰማዩ አጋማሽ ላይ ይገኛል። አሶሳ ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ ስለምትርቅ ፀሐይ የምትወጣላት ሩብ ሰዓት ያህል ዘግይታ ነው፤ ይህም ጨለማውን በሰዓታችን አቆጣጠር ወደ ንጋት ያራዝመዋል።

በጋው ሁሉ ግን እኩል ጥራት የለውም። ሣሩ ሲደርቅ የሚለኮሰው እሳት ጭሱን በአድማስ ላይ ይዘረጋል፤ ዝቅ ብለው የሚታዩት የደቡብ ከዋክብት ቀድመው የሚደበዝዙትም በዚህ ምክንያት ነው። በጣም ጥሩው ጊዜ ዝናቡ አየሩን አጥቦ እንዳበቃ፣ ጭሱ ሳይጀምር ያለው የኅዳር መባቻ አካባቢ ነው። እንደ ኩርሙክና ጉባ ባሉ ቆላማ ቦታዎች ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል፤ የካሜራ ዳሳሽ በሙቀት ጊዜ በፎቶው ላይ ብዙ ነጠብጣብ ስለሚያመጣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ፣ አየሩ ሲቀዘቅዝ ማንሳት ይመረጣል።

ከባይናኩላር የሚጀምር ጉዞ

ለመጀመሪያ መሣሪያ 7×50 ወይም 10×50 ባይናኩላር የሚያክል የለም። ገበያ ላይ የሚገኘው ርካሽ የመጫወቻ ቴሌስኮፕ ምስሉ እየተንቀጠቀጠ ብዙ ጀማሪ ያስቀራል። ባይናኩላር በአንጻሩ በደንብ ከተደገፈ ጋሊሊዮ እ.ኤ.አ. በ1610 ያያቸውን አራቱን የጁፒተር ጨረቃዎች፣ የጨረቃን ጉድጓዶችና የአንድሮሜዳን ረጨት ያሳያል። ለመደገፊያ በክልሉ በብዛት የሚበቅለው ቀርከሃ ይበቃል፤ ሦስት ዘንግ ከላይ አጥብቆ ማሰር ነው።

ለኢትዮጵያዊ ተመልካች የመጀመሪያ ዒላማ ሊሆን የሚገባው አንድ ኮከብ አለ። ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት 100ኛ ዓመቱን ሲያከብር እ.ኤ.አ. በ2019 አገሮች ለአንዳንድ ከዋክብትና ፕላኔቶች ስም እንዲያወጡ ጋብዞ ነበር። ለኢትዮጵያ የደረሰው ኤችዲ 16175 የተባለው ኮከብ «ቡና»፣ የሚዞረው ግዙፍ ፕላኔት ደግሞ «አቦል» ተባለ። ቡና ወደ 200 የብርሃን ዓመት ገደማ ስለሚርቅ በዓይን ብቻ አይታይም፤ ባይናኩላር ግን ይደርስበታል። በታኅሣሥ ከምሽቱ 3 ሰዓት ወደ ሰሜን ዞሮ አልማክና አልጎል የተባሉትን ሁለት ደማቅ ከዋክብት መለየትና መካከላቸውን መቃኘት ነው። በዚያው እይታ ውስጥ ኤም 34 የተባለው የከዋክብት ክምችት ስለሚገኝ ቦታው አይጠፋም። አልጎል ራሱም ሥራ ይሰጣል፤ በየ2 ቀን ከ21 ሰዓቱ ገደማ ጓደኛው ኮከብ ሲጋርደው በዓይን በሚታወቅ መጠን ይደበዝዛል። ጊዜውን መመዝገብ ደብተርና እርሳስ ብቻ የሚጠይቅ እውነተኛ ሳይንሳዊ ሥራ ነው።

ፎቶ ማንሳት

በእጅ ማስተካከያ ያለው ስልክ ወይም አሮጌ ካሜራ ከነሌንሱ ለመነሻ ይበቃል። ምድር በ4 ደቂቃ 1 ዲግሪ ስለምትዞር ካሜራው ረጅም ጊዜ ከተከፈተ ከዋክብቱ ይሰመራሉ። ፎቶ አንሺዎች 500ን ለሌንሱ የትኩረት ርዝመት ያካፍላሉ። በተለመደው አነስተኛ ዳሳሽ ላይ 18 ሚሊ ሜትር ሌንስ እንደ 27 ስለሚቆጠር 18 ሰከንድ ያህል ይፈቀዳል።

አንድ ፎቶ ደብዛዛ ቢሆን አያሳስብም፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፣ 16 ፎቶ ተደራርቦ ሲደመር ነጠብጣቡ ወደ ሩብ ይወርዳል። ሲሪልና ዲፕ ስካይ ስታከር ይህን የሚሠሩ ነጻ ፕሮግራሞች ናቸው፤ ስቴላሪየም ደግሞ የየዕለቱን ሰማይ አስቀድሞ ያሳያል።

ከዚህ አልፎ መሄድ ለሚፈልግ የእንጨት ሥራ ቤት የሚሠራው መከታተያ አለ። ሁለት ጣውላ በማጠፊያ ይያያዛል፤ ከማጠፊያው 229 ሚሊ ሜትር ርቀት ላይ ባለ 6 ሚሊ ሜትር ቡሎን ይገባል። ይህ ቡሎን በአንድ ዙር 1 ሚሊ ሜትር ስለሚሄድ በደቂቃ አንድ ጊዜ ሲዞር የላይኛው ጣውላ የሰማዩን ዙረት ይከተላል። ማጠፊያው ወደ ሰሜን ዋልታ መጠቆም ስላለበት በአሶሳ ከአግድሙ 10 ዲግሪ ብቻ ቀና ይላል። የሰሜን ኮከብ ከተጋረደ የስልክ ኮምፓስና የተዳፋት መለኪያ ለሰፊ ሌንስ በቂ ናቸው።

የሰሜን ኮከብ ሳይታይም፣ ቴሌስኮፕ ሳይኖርም መሥራት ቢቻልም ጥንቃቄ አይቀርም። አካባቢው ወባማ ስለሆነ ረጅም እጅጌና የትንኝ መከላከያ ያስፈልጋል። በክልሉ ያለፉት ዓመታት የጸጥታ ችግር ሰውን አሳስቧል፤ በጨለማ ሜዳ ላይ ትራይፖድ ከመትከል በፊት ለጎረቤትና ለቀበሌ መንገር ለራስም ለሌላውም ደግ ነው። የራስ ግቢ ከሁሉ ይሻላል።

አገር አቀፉ ሁኔታ

የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ እ.ኤ.አ. በ2004 ተመሠረተ። በእንጦጦ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለ 1 ሜትር ሁለት ቴሌስኮፖች ያሉት ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2015 ተከፈተ። ሆኖም የአዲስ አበባ መብራት ከእንጦጦ ሥር እየሰፋ ነው፤ በላሊበላ አካባቢ ተራሮች ላይ የአዲስ ማዕከል ቦታ የተጠናውም ከመብራትና ከደመና ለመራቅ ነው። ትልቁ ተቋም የሚፈልገውን ጨለማ የአሶሳ ተማሪ ዛሬ በነጻ አለው። ከተማዋ ስታድግ የመንገድ መብራቶቿ ብርሃናቸውን ወደ ታች ብቻ የሚያወርዱ ከሆኑ ይህ ሀብት ይቆያል፤ ኃይልም ይቆጥባል።

የሚጠበቁት ግርዶሾች

ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ቀለበታዊ የፀሐይ ግርዶሽ ከምዕራብ ኢትዮጵያ ገብቶ በላሊበላ አልፏል። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ከቀትር በኋላ ሌላ የፀሐይ ግርዶሽ ይመጣል፤ ሙሉው ግርዶሽ በግብፅና በሳዑዲ ዓረቢያ ሲታይ ለእኛ ከፊል ይሆናል። ደመናው ከተገለጠ ልጆች ያለ መነጽር ወደ ፀሐይ ሳያዩ፣ በማንጎ ዛፍ ሥር በቅጠሎቹ ክፍተት ሾልኮ መሬት ላይ የሚያርፈውን የተቆረሰ የፀሐይ ምስል መቁጠር ይችላሉ። የፀሐይ ማጣሪያ ያልተገጠመለት ባይናኩላር ወይም ካሜራ ወደ ፀሐይ ማዞር ዓይንን ያጠፋል።

አሶሳን በይበልጥ የሚስማማት ግን ታኅሣሥ 22 ቀን 2021 ዓ.ም. ያለው ሙሉ የጨረቃ ግርዶሽ ነው። ከምሽቱ 1 ሰዓት ከሩብ ገደማ ጀምሮ ከአንድ ሰዓት በላይ ጨረቃ ትቀላለች። ጊዜው በጋ ነው፤ ሰዓቱ ልጆች ሳይተኙ ነው፤ የሚያስፈልገው ዓይን ብቻ ነው። እስከዚያ ድረስ አንድ ትምህርት ቤት ባይናኩላርና ደብተር ይዞ፣ ዝናቡ የሚያቆምበትን፣ ጭሱ የሚጀምርበትንና አልጎል የሚደበዝዝበትን ሌሊት ቢመዘግብ፣ ክልሉ የራሱን የምልከታ መቁጠሪያ በራሱ ልጆች እጅ ይሠራል።