የቀኝ ጠቅታ ምናሌ
የቀኝ ጠቅታ ምናሌ ማለት የማውሱ ቀኝ ቁልፍ ሲጫን ጠቋሚው ባረፈበት ነገር ላይ ሊፈጸሙ የሚችሉ ትዕዛዞችን የሚዘረዝር ትንሽ ሰሌዳ ነው። በድረ ገጽ ላይ ምናሌውን የሚያቀርበው አብዛኛውን ጊዜ ብራውዘሩ ነው፤ እንደ ጉግል ዶክስ ያሉ የድር መተግበሪያዎች ግን በራሳቸው ይተኩታል።

ቀኝ ቁልፍ ሲጫን ብራውዘሩ «ኮንቴክስት ሜኑ» የተባለ ክስተት ያስነሳል። የጃቫስክሪፕቱ ኮድ ይህን ተቀብሎ «ፕሪቬንት ዲፎልት» በሚለው ትዕዛዝ የብራውዘሩን ምናሌ ያስቀራል፤ ከዚያም ተደብቆ የነበረውን የራሱን ዝርዝር ጠቋሚው ባለበት ቦታ ያሳያል። አስቸጋሪው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ጠቅታው ከመስኮቱ ቀኝ ወይም ታችኛ ጠርዝ አጠገብ ከሆነ ዝርዝሩ ተቆርጦ ስለሚቀር፣ ስፋቱና ቁመቱ ተለክቶ ወደ ግራ ወይም ወደ ላይ መሸሽ አለበት። ሌላ ቦታ ሲጫን ወይም «ኢስኬፕ» ሲነካ መዘጋትም ይኖርበታል። ማውስ የማይጠቀሙ ሰዎች በ«ሺፍት» እና «ኤፍ 10» ስለሚከፍቱት፣ በቀስት ቁልፎች ካልታዘዘ ለእነርሱ እንደሌለ ይቆጠራል።

ምናሌውን በገጹ ሁሉ ላይ መተካት ተጠቃሚው የለመዳቸውን «ቅዳ»፣ «ለጥፍ» እና «በአዲስ ትር ክፈት» ያሳጣዋል፤ በሠንጠረዥ ረድፍ ወይም በፋይል ምልክት ላይ ብቻ መወሰኑ ይሻላል። ፎቶ እንዳይገለበጥ ብለው ምናሌውን የሚዘጉ ገጾችም አሉ፤ ከንቱ ድካም ነው። በፋየርፎክስ «ሺፍት»ን ይዞ ቀኝ ቁልፍ መጫን የብራውዘሩን ምናሌ ይመልሰዋል።